መቀነቱ ስንት ዙር ይዞራል?

ይህን ንግግር ያደረግሁት ደብረ ብርሃን፣ በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ላይ ነው። በዕለቱ ያልነበሩ ሰዎች ስለጠየቁኝ ጻፍኩት። በአፍ ያልኩትን ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብሳቢያችን "ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ንገረን" ነው ያሉኝ። እነግራችኋለሁ። የምጀምረው ግን ከመቀነት ነው።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ተወልዳ ያደገችው፣ እኛንም ያሳደገችን መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ልጅ ሆኜ ጠዋት ጠዋት መቀነቷን ስትታጠቅ አያት ነበር። አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ ይዛ ትዞራለች። አራት ዙር ዞሮ ጫፉ ይተርፋል። የተረፈውን ጎኗ ላይ ትሸጉጠዋለች። ሳንቲም የምትቋጥረውም እዚያው ጫፍ ላይ ነበር። አባቴ ሲያርፍ ወደዚህ ወደ ደብረ ብርሃን አመጣኋት። አብረን መኖር ከጀመርን ስድስት ዓመት ሲሆነን፣ አንድ የከተራ ዕለት ያንኑ መቀነት ስትታጠቅ አየኋት። ሦስት ዙር ላይ አለቀ። የሚሸጎጥ ጫፍ የለም። "ታጥቦ ታጥቦ አጠረ መሰለኝ" አለችኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት የስኳርና የግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። በየቀኑ የሰው ወገብ እለካለሁ። የእናቴን ወገብ ግን ለክቼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ማታ ለካሁት። 101 ሴንቲ ሜትር።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወስጃት ነበር። ድካም ይላታል፣ ራሷን ያማታል። ግፊቷ 136 በ88 ሆነ። "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ" ተባለች። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሯ 118 ሆነ። "ስኳር የለብሽም" ተባለች። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 190፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል 41። ወረቀቱ ላይ ምንም የተጻፈ አስተያየት አልነበረም። እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ካያችሁት "ትንሽ" ነው። አምስቱን አንድ ላይ የደመራቸው ሰው ግን አልነበረም። እኔም አልደመርኳቸውም። ይህን ስናገር ዛሬም ይከብደኛል።

አምስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ስም አላቸው። ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላሉ። በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም የለውም፤ እኔ ለታካሚዎቼ "አብሮ የሚመጣው" እላቸዋለሁ። መለኪያው ይሄ ነው። የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ። ይህ ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን እንዲያገለግል የተመከረው ልክ ነው፤ ለወንድ 102፣ ለሴት 88 የሚለውን የሚጠቀሙም አሉ። ግፊት ከ130 በ85 ከጀመረ ሁለት። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 ከጀመረ ሦስት። ትራይግሊሰራይድ ከ150 ከጀመረ አራት። ጥሩው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ከወረደ አምስት። ለግፊቱ ወይም ለስኳሩ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዳለበት ይቆጠራል። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ሰውዬው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል። እናቴ አምስቱም ነበሩባት።

ነገሩን አሰባስቦ ለዓለም ያስተዋወቀው ጄራልድ ሪቨን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ በ1988 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ያኔ "ሲንድረም ኤክስ" ብሎ ጠራው። የአምስቱን ልክ ትልልቆቹ የልብና የስኳር ድርጅቶች ተስማምተው አንድ ያደረጉት በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ነው። የወገቡ ልክ ግን እስካሁን እንደየሕዝቡ ይለያያል።

ለምን አብረው ይመጣሉ? ይህን ለመንዝ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው።

ገደል ማዶ ያለ ጎረቤት ሲፈለግ ድሮ ስልክ አልነበረም። ሰው አፋፍ ላይ ቆሞ ይጣራል። ማዶ ያለው ከሰማ አንዴ ይበቃል። ካልሰማ ጠሪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አሁንም ካልሰማ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ የዋለ ሰው ማታ ድምፁ ይዘጋል። ቆሽታችን ጠሪው ነው። ኢንሱሊን ጥሪው ነው። ጡንቻና ጉበት ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ናቸው። ስንበላ ስኳር ወደ ደም ይገባል፤ ቆሽት "ስኳሩን ተቀበሉ" ብሎ ይጣራል። ሆድ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ስብ ሲከማች ግን የጎረቤቶቹ ጆሮ ይደፈናል። ቆሽት መጮኽ ይጀምራል። ዓመታት ይጮኻል።

በእነዚያ ዓመታት ስኳር ሲለካ ደህና ሊመስል ይችላል። ጩኸቱ ገና እየሠራ ነዋ! ግን የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል፤ ግፊት ይወጣል። ጉበት የተረፈውን ወደ ስብ እየቀየረ ወደ ደም ይለቃል፤ ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል። ጉበቱ ራሱ ላይም ስብ ይቀመጣል። አንድ ቀን የቆሽት ድምፅ ይዘጋል። ስኳር በሽታ ያዘው የምንለው ያን ጊዜ ነው። ልብና ጭንቅላት ላይ የሚመጣው አደጋ ግን ከዚያ በፊት ተጀምሯል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ቁጥር ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ሌላ ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ስለ ልብ ድካምና ስለ ስትሮክ ደጋግመን እንናገራለን። ሰው ከዚያ በፊት ባሉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ምን እያጣ እንደሚኖር ግን አንጠይቅም። አብሮ የሚመጣው ሰውን የሚጎዳው ሲጥለው ብቻ አይደለም። ቆሞ እየሄደም ኑሮውን ይሸራርፍበታል። ሰውዬውም "እርጅና ነው" ብሎ ይቀበለዋል። አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላው እርጅና ነው ይላል።

"የኑሮ ጥራት" ሲባል ብዙ ሰው ቤትና መኪና ይመስለዋል። በጤና ቋንቋ እንዲያ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና በሚያከብረው ነገር ውስጥ ሆኖ፣ ለገዛ ሕይወቱ የሚሰጠው ግምት ነው ይለዋል። ለዚህ 26 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለው። ስለ አካል፣ ስለ መንፈስ፣ ከሰው ጋር ስላለን ግንኙነትና ስለምንኖርበት አካባቢ ይጠይቃል። መላሹ ሐኪሙ አይደለም፤ ሰውዬው ራሱ ነው። ይህን በጣም እወደዋለሁ። በአሜሪካ የተዘጋጀ 36 ጥያቄ ያለው ሌላ መጠይቅም አለ። እሱ ደግሞ ደረጃ መውጣት፣ ማጎንበስና መንበርከክ ይከብድዎታል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እናንተ ስንቶቻችሁ ናችሁ ፎቅ ያላችሁ? ለዚህ ነው እኔ ጥያቄውን ወደ እኛ ያመጣሁት። ክትትል ክፍል ለሚመጡ ሰዎች "ከቤትዎ እስከ ደጀ ሰላም ስንት ጊዜ ያርፋሉ?" እላቸዋለሁ። "ጫማዎን ሲያስሩ ትንፋሽ ያጥርዎታል?" እላለሁ። "ስግደት እንዴት ነው?" እላለሁ።

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እናቴ መንዝ እያለች በዐቢይ ጾም ስግደት አታጓድልም ነበር። በስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ አመሻሽ ትሰግዳለች። በማግሥቱ ጉልበቷ ቢያማትም ፊቷ ላይ የሆነ ብርሃን ነበር። እዚህ ከመጣች በሦስተኛው ዓመት ቀነሰች። በአምስተኛው ዓመት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ብቻ ዝቅ ማድረግ ጀመረች። "ጉልበቴን ነው" ትላለች። አዎ ጉልበቷም ነው። ሰው በሚራመድበት ጊዜ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት በላይ ነው፤ በጨመርነው ኪሎ ቁጥር ጉልበት ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ግን ጉልበቷ ብቻ አልነበረም። ሆዷ ስታጎነብስ ትንፋሿን ያፍናት ነበር። እኔ የነርስ ዓይን ይዤ አጠገቧ ቆሜ፣ አላየሁም። የመጀመሪያው የሕመሟ ምልክት ከላቦራቶሪ ወረቀት በፊት እዚያ ወንበር ላይ ታይቶ ነበር።

አሁን ስለ ሌሊት ላውራ። ሌሊት ብዙ ነገር ይናገራል።

ከሆዱና ከአንገቱ የወፈረ ሰው ያንኮራፋል። ማንኮራፋት እንቅልፍ የጣመው ሰው ምልክት ይመስለናል። አንዳንዴ ግን ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቆምበት ሕመም ነው። ያንኮራፋል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ታፍኖ እንደወጣ ሰው በኃይል ይተነፍሳል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሰውዬው አያውቀውም፤ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሳል። ቀን ስብሰባ ላይ ያሸልባል። ሾፌር ከሆነ ደግሞ ጣርማ በርን ሲወርድ ዓይኑ እንዳይከደን እፈራለታለሁ። ይሄው ሕመም በራሱ ግፊትን ይጨምራል። እናቶቼ፣ ባላችሁ እንዲያ ሲተነፍስ ከሰማችሁ ክትትል ክፍል መጥታችሁ ንገሩን። ከደም ምርመራ ያልተናነሰ መረጃ ነው።

ስኳሩ ከፍ ካለ ደግሞ ሽንት ይመላልሳል። በሌሊት አራት ጊዜ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የኅዳርን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ሽንት ቤታችን ከግቢው ጥግ ነው። ጋቢ ደርቦ፣ ባትሪ ይዞ፣ ውርጭ ረግጦ አራት ጊዜ የሚወጣ የስልሳ ዓመት ሰው እንቅልፍ ምን ይሆናል? አንድ አባት "ሽንቴን ፈርቼ ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት ትቻለሁ" ብለውኛል። ሌላው ደግሞ የግፊት ክኒናቸውን ማታ ማታ ይውጡ ነበር። ሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ነው። ሐኪሙን አማክረን ወደ ጠዋት ቀየርንላቸው። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ "ልጄ፣ ተኛሁ እኮ" አሉኝ። ግፊታቸውን ገና አልለካሁም ነበር። ዐሥር ቁጥር የወረደ ያህል ደስ አለኝ።

ወደ መንፈስ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አብሮ የሚመጣው ያለበት ሰው ድብርት ያጠቃዋል። ድብርት ያለበትም ሰው ወደዚሁ ይገባል፤ አይንቀሳቀስም፣ አመጋገቡ ይዛባል፣ እንቅልፉ ይበላሻል። መንገዱ ከሁለቱም አቅጣጫ ነው። እኛ አካባቢ ሰው "ደበረኝ" ብሎ ለሐኪም አይናገርም። "ልቤን ይጨንቀኛል፣ ራሴን ይከብደኛል፣ ሁሉ ነገር አስጠላኝ" ነው የሚለው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ አካባቢያችን ብዙ መከራ አይቷል። ከቀዬው ተፈናቅሎ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተጠለለውን ታውቃላችሁ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣል። ጭንቀት ሲበዛ የጭንቀት ሆርሞን ስኳርንም፣ የሆድ ስብንም ይጨምራል። ለዚህ ሰው "እስፖርት ሥራ" ብቻ ብሎ መላክ አይበቃም።

ስለ ማኅበራዊ ኑሮ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። እናቴ ሰንበቴ ትታ ነበር። ለምን ብላት "ሰው በዛ" አለችኝ። እውነተኛው ምክንያት ዳገቱ ነው። መሐል ላይ ቆማ ስታርፍ ሰው እንዲያያት አልፈለገችም። ወንዶች ደግሞ አፍረው የሚደብቁት ነገር አለ። አብሮ የሚመጣው የደም ሥርን ስለሚያጠብ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል። ባልየው አይናገርም። ሚስት "ሌላ ያዘ" ብላ ታስባለች። ትዳር ይሻክራል። አንዳንዱ ጥፋቱን በግፊት ክኒኑ ላይ አድርጎ ክኒኑን በድብቅ ያቆማል። ክኒኑ የሚያመጣው ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ይቀየራል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ክኒኑ ሳይጀመር ነው። የልብ ደም ሥር ችግር ቀድሞ የሚታይበት ምልክትም ሊሆን ይችላል። አባቶቼ፣ ይህን መናገር ነውር አይደለም። እኛ ጋ ስትመጡ በሩን ዘግተን እናወራለን።

በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች እንዲሁ ይላሉ ወይ? በአካል በኩል ባለው አቅም ላይ አብዛኞቹ ይስማማሉ፤ አብሮ የሚመጣው ያለበት ሰው አቅሙ ያነሰ ነው። የችግሮቹ ቁጥር ሲጨምር ኑሮውም ይበልጥ ይከብዳል። በብዙዎቹ ጥናቶች ሴቶች ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ወጥቷል። በመንፈስ በኩል ግን መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ውፍረትንና ድብርትን ለብቻ ሲያወጡ ግንኙነቱ ቀንሶባቸዋል። ይህ ለእኔ አንድ ነገር ይነግረኛል። የደም ውስጥ ቁጥር ለሰውዬው አይሰማውም። የሚሰማው ሆዱ፣ ጉልበቱ፣ እንቅልፉና ልቡ ውስጥ ያለው ጭንቀት ነው። ስለዚህ ለሰው የምናወራው በሚሰማው ነገር መሆን አለበት።

ታዲያ እኛ ዘንድ ከየት መጣ? ድሮ የሀብታም በሽታ ይባል ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ቅኝት ከመቶ አዋቂ ወደ 16ቱ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም።

ጅሩ ላይ ሰንጋ እንዴት ይደልባል? ከእርሻ ይወጣል። ይታሰራል። እያቀረቡ ያበሉታል። ሰውን ከከብት ማወዳደሬ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ። ግን እናቴን ያደረግኋት ይህንኑ ነው። መንዝ እያለች ውኃ ትቀዳለች፣ ዳገት ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ትፈጫለች፣ ጭቃ ትመርጋለች። እዚህ አምጥቼ "አንቺ ለፍተሻል፣ አሁን እረፊ" አልኳት። ወደ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ። ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ለልጆቹ ፓስታ ሲሠራ ለእሷም። በዓል ሲመጣ ለስላሳ። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ከፍቅር የተነሳ ነው ያደረግሁት። ጎረቤቶችም "ልጇ ጦራት፣ ተመቻት" ብለው አመሰገኑኝ። ቦርጭ ስናይ "ተመችቶታል" እንላለን አይደል? ከረሃብ ጋር የኖረ ሕዝብ ሥጋ ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ግን ቃሉ ያሳስተናል። ያ ሰው አልተመቸውም። ሌሊት አይተኛም።

ስለ ረሃብ ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። ሆላንድ ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 እና በ45 ክረምት ረሃብ ነበር። ያኔ ማኅፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች ሲያድጉ ስኳርን የመቆጣጠር ችግር በዝቶ ተገኝቶባቸዋል። በማኅፀን የተራበ ሰውነት ቆጥቦ መኖርን ይማራል። በኋላ ጥጋብ ሲመጣ አይችልበትም። እኛ ሰሜን ሸዋ ከ77ቱ ረሃብ አልተረፍንም። ያኔ የተረገዙ ልጆች ዛሬ የአርባ ዓመት ጎልማሶች ናቸው። ፋብሪካ ይሠራሉ፣ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ። እነዚህን ሰዎች "ሆዳም" ማለት ግፍ ነው። ወገባቸውን ቀድሞ መለካት ግን ይገባናል።

አረቄን ሳልጠቅስ ካለፍኩ ትታዘቡኛላችሁ። "ብርድ ለመስበር" እንላለን። አረቄ ሙቀት ያለው የሚመስለው ቆዳ ላይ ያለውን ደም ሥር ስለሚከፍት ነው፤ ሰውነት እንዲያውም ሙቀት ያጣል። ትራይግሊሰራይድና ግፊትን ግን በእርግጥ ይጨምራል። ግፊቱ በሦስት ዓይነት ክኒን አልወርድ ያለ ሰው አውቃለሁ። ማታ ማታ የሚጠጣትን ሲተው በአንዱ ብቻ ወረደ።

ጾምስ? ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የምንጾም ሰዎች ነን። ቅቤና ሥጋ መተው መልካም ነው። ግን የጾም ወጣችንን እስቲ እዩት። ዘይቱ ይንሳፈፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሦስት እንጀራ በአንዴ መብላትም አለ። ሌላው ጭንቀቴ መድኃኒቱ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሊጠመቁ ሲሄዱ ክኒን ጥለው የሚሄዱ አሉ። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። እናቴንም ጻድቃኔ ወስጃታለሁ። ክኒኗ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በእኛ ደብር ያሉት አባቶች "መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው" ይላሉ። እናንተም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በጾም ጊዜ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ እኛንም አማክሩን፤ ስኳር በጣም ከወረደ እሱም ያጠፋል።

ምን ይደረግ? አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ወደ በሽታ ሊገባ በቀረበ ሰዎች ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 ወጣ። ሰዎቹ ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት እጅ እንዲቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ታገዙ። በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 ከመቶ ቀነሰላቸው። ከመቶ ሰባት ማለት 80 ኪሎ ለሆነ ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ነው። የድሮ ቁመናችሁን መልሱ አላልኳችሁም። አምስት ኪሎ ተኩል። 150 ደቂቃ ማለት ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ወሬ እያወሩ የሚችሉት፣ መዝፈን ግን የማይችሉት ፍጥነት ይሁን።

ምግብን በተመለከተ ከሩቅ አላመጣም። ገብስ አለን። መንዝ ያደገበት እህል ነው። ገብስ ውስጥ ያለው የሚያሟልጭ ዓይነት አሰር ኮሌስትሮልን ይቀንሳል፤ ስኳርም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ቆሎ፣ በሶ ያለ ስኳር፣ የገብስ ቂጣ። ባቄላና ምስር አለን። ከተማ ስንገባ "የድሃ ምግብ" ብለን የተውነው ይህንን ነው። በጠላና በአረቄ መልክ የሚመጣውን ገብስ ግን አልቆጥርላችሁም። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ይነስ፤ በርበሬው ውስጥ ያለውም፣ ቡናው ውስጥ የሚጨመረውም ተደምሮ።

ሁሉንም ግን በሰውዬው ትከሻ ላይ መጫን አልወድም። ሴት ልጅ ምሽት ላይ በጨለማ መንገድ ተራመጂ ብላት እንዴት ትራመድ? ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ የምትሠራ ልጅ ሌሊት ሠርታ ቀን ስትተኛ ሰውነቷ ይዛባል። ክኒኑ ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ሰው ምን ያድርግ? እድራችን ለቀብር ድንኳን ይተክላል። እሱ መልካም ነው። አንድ የግፊት መለኪያና አንድ ሜትር መግዛትስ ያቅተዋል? ይህን ለሰብሳቢያችን በይፋ እየጠየቅሁ ነው።

እናቴ እንዴት ናት ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሆናት። ግፊቷን በአንድ ክኒን ይዘነዋል። ስኳሯ ወደ 104 ወርዷል። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች፤ መሐል ላይ አንዴ ታርፋለች። መጀመሪያ ላይ አራት ጊዜ ነበር። ስኳር በሻይ ተጣልተን ተጣልተን አንድ ማንኪያ ላይ ታረቅን። ወገቧ 93 ነው፤ ገና ከልክ በላይ ነው። መቀነቱ ሦስት ዙር ዞሮ አንድ ስንዝር ይተርፋል። ያለፈው ስቅለት ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ተነሥታ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ሁሉንም አልሰገደችም። ስንት እንደሰገደች ቆጥራዋለች፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። ሜትር ይዘን መጥተናል። እናቶች በዚያ በኩል፣ ከእኔ ጋር የምትሠራው ነርስ ትለካችኋለች፤ መቀነታችሁን ፍቱ። አባቶች ወደ እኔ ኑ፤ ጋቢና ጃኬት አውልቁ፣ ቀበቶ አላሉ። የምለካው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሐል ላይ ነው። ሆዳችሁን ወደ ውስጥ አትሳቡ። አስተንፍሱ።